ለትንንሽ የጸሎት ሻማዎች አስተማማኝ መያዣ በቤት ውስጥ አሠራር

ለራት ጠረጴዛ ማድመቂያ የበራ ሻማ እንግዳው ሲሸኝ እፍ ተብሎ ይጠፋል። ለጸሎት፣ ለመታሰቢያ ወይም ለሌላ ሥርዓት የተለኮሰ ሻማ ግን ብዙ ጊዜ ነድዶ እስኪያልቅ ይተዋል፤ በመሀል ማጥፋት ደስ የማይላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። በዚያ ላይ ዓይን ይጨፈናል፣ ይሰገዳል፣ ይንበረከካል፤ ያን ጊዜ ሻማውን የሚያይ የለም። ዙሪያውም ባዶ አይደለም፤ አበባ፣ ጨርቅ፣ ሥዕል ወይም የደረቀ ቅጠል አይጠፋውም። ስለዚህ የእንዲህ ዓይነቱ ሻማ መያዣ የሚመዘነው ሻማው ሙሉ ሳለ በሚያምረው መልኩ አይደለም፤ የመጨረሻው 2 ሴንቲሜትር ሲነድ በሚሆነው ነገር ነው። ቤት ውስጥ የሚሠሩ አብዛኞቹ መያዣዎች ጉዳቸው የሚወጣው እዚያ ላይ ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ዋና አሠራሮች ሦስት ናቸው፦ የአሸዋ ሳህን፣ የጄሶና የዳዶ መቆሚያ፣ እንዲሁም ብዙ ሻማ በረድፍ ለሚያበራ ሰው የሚሆን ሳንቃ። ስለ ዝርግ ሻማ፣ ስለ ነፋስ መከላከያና በእጅ ስለሚያዝ ሻማም አጠር አጠር ያለ ነገር አለ።

መጀመሪያ ሻማውን ይለኩ

አንድ የሚመስሉ ሁለት ፓኮ ሻማዎች በ2 ሚሊሜትር ሊለያዩ ይችላሉ። ለወፍራም ሻማ 2 ሚሊሜትር ከቁም ነገር አይቆጠርም፤ ቀጭኑን ግን ያዘምመዋል። ጧፍና ጧፍ መሰል ቀጫጭን ሻማዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 ሚሊሜትር ይወፍራሉ። ለሥርዓት ተብለው የሚሸጡት አጫጭር ሻማዎች ደግሞ ቁመታቸው 10 ሴንቲሜትር፣ ውፍረታቸው ከ12 እስከ 13 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በስስ የአልሙኒየም ጽዋ ተሞልቶ የሚሸጠው ዝርግ ሻማ ስፋቱ 38 ሚሊሜትር አካባቢ ሲሆን 4 ሰዓት ያህል ይነዳል።

ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ከሌለ ጠባብ የወረቀት ቁራጭ በሻማው ግርጌ ላይ አንድ ዙር ይጠቅልሉና ጫፉ የተገናኘበት ላይ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ ርዝመቱን ለ3.14 ያካፍሉ፤ 40 ሚሊሜትር ከሆነ ውፍረቱ 12.7 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። የሚለካው ግርጌው ነው፤ ሰም ውስጥ እየተነከረ የሚሠራ ሻማ ከላይ ይቀጥንና ከታች ይወፍራልና።

የሻማው ማስገቢያ ቀዳዳ ከሻማው ውፍረት በግማሽ ሚሊሜትር፣ ቢበዛ በ1 ሚሊሜትር ይስፋ። ጥልቀቱ ደግሞ ከውፍረቱ አንድ ተኩል እጥፍ አይነስ። ከዚያ ያነሰ ጥልቀት ያለው ቀዳዳ ሻማውን ለጊዜው ያቆመዋል እንጂ አይይዘውም፤ ሰሙ ሲሞቅና ሲለሰልስ ሻማው ይጋደማል።

ግርጌውን በእሳት አቅልጦ ሳህን ላይ መለጠፍ የለመደ ሰው ብዙ ነው። ሰሙ ቀዝቃዛ እስከሆነ ድረስ ይይዛል። ሻማው አጥሮ ሙቀቱ ግርጌው ጋ ሲደርስ ግን የተለጠፈበት ሰም ራሱ ይቀልጥና ሻማው ከነእሳቱ ይንሸራተታል። ስለዚህ ማቅለጥ ለቀዳዳ ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይሆንም።

ከምን ይሠራ?

ሰም ደረቅ እንዳለ በቀላሉ አይነድም። የሚነደው ክሩ ወደ ላይ የሚስበውና እሳቱ ዘንድ ደርሶ የሚተነው የቀለጠ ሰም ነው። የፓራፊን ሰም እንደ ዓይነቱ ከ46 እስከ 68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይቀልጣል፤ የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ። ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል፦ ሰም መጥጦ እሳት አጠገብ መቆም የሚችል ማንኛውም ነገር ክር ይሆናል። ወረቀት፣ ጥጥ፣ ገለባ፣ ቀልጦ በተኛው ሰም ውስጥ የወደቀ የክብሪት እንጨት፣ ለጌጥ የተሰካ ደረቅ አበባ፣ ሁሉም ያው ናቸው። ከዚህ በኋላ የሚነገሩት ክልከላዎች ሁሉ ማለት ይቻላል የሚመነጩት ከዚህ ነው።

ብረት፣ መዳብ፣ የተተኮሰ ሸክላ፣ ሴራሚክና ድንጋይ ይሆናሉ። ወፍራም ብርጭቆም ይሆናል፤ ነገር ግን ነበልባሉ ከግድግዳው 2 ሴንቲሜትር መራቅ አለበት፣ ከታችም 1 ሴንቲሜትር ደረቅ አሸዋ ያስፈልገዋል። የተሰነጠቀ ወይም ጠርዙ የተሸረፈ ብርጭቆ ለዚህ ሥራ ጨርሶ አይሆንም። እንጨት የሚሆነው ሰምና እሳት የሚያገኘው ቦታ ሁሉ በብረት ከተሸፈነ ብቻ ነው።

የማይሆኑት የታወቁ ይመስላሉ፤ ሰው የሚሳሳትባቸው ግን ጥቂት አሉ። የልጆች ዕቃ መሸጫ የሚገኘውና በምድጃ የሚጋገረው ባለቀለም ጭቃ ጭቃ አይደለም፣ ፒቪሲ ያለበት ፕላስቲክ ነው። «ራሱ የሚደርቅ» ተብሎ በፓኬት የሚሸጠው ጭቃም ብዙ ጊዜ የወረቀት ጭረት ይቀላቀልበታል። የጠርሙስ ቆርኪ ውስጡ የፕላስቲክ ሽፋን አለው፤ የማርማላታ ጠርሙስ ክዳንም በጠርዙ ዙሪያ ላስቲክ መሰል ቀለበት አለው። ሁለቱም ተፍቆ ካልወጣላቸው ይጨሳሉ። በ2 እጅ ዱቄትና በ1 እጅ ጨው የሚቦካው የጨው ሊጥ ለውጭ ቅርጽ ያምራል፤ ውስጡ ግን የብረት ጽዋ ያስፈልገዋል፤ ያለዚያ ጠርዙ ይከስላል፣ እርጥበት ባለበት ቤትም ይለሰልሳል። ቀለም፣ ቫርኒሽና የወርቅ ስፕሬይ ከውጭ ይቀቡ፤ ሻማው የሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ ግን ጠብታም አይግባ።

የአሸዋ ሳህን

ለቀጭን ሻማና ለጧፍ ከዚህ የተሻለ የለም፤ ነድዶ እንዲያልቅ ለሚተው ሻማም የመጀመሪያው ምርጫ ይኸው ነው። የሚያስፈልገው አፉ 15፣ ጥልቀቱ 7 ሴንቲሜትር የሆነ የሸክላ፣ የሴራሚክ ወይም የብረት ጎድጓዳ ሳህን፣ ወደ 2 ኪሎ የሚጠጋ ደቃቅ አሸዋ፣ ወንፊትና ከሥር የሚነጠፍ ሰፋ ያለ የብረት ትሪ ነው።

1. አሸዋውን በወንፊት ይንፉት። የሚፈለገው ድንጋዩን ማስወጣት ብቻ አይደለም፤ ስንጥሩ፣ ሥሩና ቅጠሉም ይውጣ።

2. በባልዲ ውሃ እያማሰሉ ውሃው እስኪጠራ ይጠቡት። ከዚያ በትሪ ላይ አስጥተው ሁለት የፀሐይ ቀን ያድርቁት፣ ወይም በ120 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ አንድ ሰዓት ያቆዩት። እርጥብ አሸዋ ሻማ አጥብቆ ስለሚይዝ ያጓጓል፤ እሳቱ ሲደርስበት ግን ውሃው ፈልቶ ትኩስ ሰም ይረጫል።

3. ከሳህኑ አፍ 1 ሴንቲሜትር ተኩል እስኪቀር ይሙሉት። የቀረው ጠርዝ የወደቀ ሻማ ተንከባሎ እንዳይወጣ ይይዛል። ሳህኑን በመዳፍ ዙሪያውን መታ መታ ሲያደርጉት አሸዋው ይረጋል።

4. ሻማውን በቀጥታ አይውጉት፤ በተለይ የንብ ሰም ጧፍ ይጎብጣል። በቅድሚያ በሚስማር ቀዳዳ ይክፈቱ፣ ሻማውን የቁመቱን ሩብ ያህል ያስገቡ፣ ከዚያ በሁለት ጣት አሸዋውን ዙሪያውን ይጫኑት። የ20 ሴንቲሜትር ጧፍ 5 ሴንቲሜትር ይገባል፤ አጭር ቢሆን እንኳ ከ3 ሴንቲሜትር አይነስ።

5. ቀጫጭኖቹን በ5 ሴንቲሜትር፣ ወፈር ያሉትን በ8 ሴንቲሜትር ያራርቁ። ከሳህኑ ግድግዳ ደግሞ 4 ሴንቲሜትር ይራቁ። በዚህ ልክ ባለ 15 ሴንቲሜትሩ ሳህን በሦስት ማዕዘን 3 ቀጭን ሻማ ይይዛል፤ ወፍራም ከሆነ መሀሉ ላይ አንድ ብቻ። አራተኛ ለመጨመር ሰፊ ሳህን መፈለግ ነው።

የተጠጋጉ ሻማዎች እርስ በርስ ይማሞቃሉ። አንዱ በጎረቤቱ በኩል ለስልሶ ወደ እሱ ይጎነበሳል፤ ሁለቱ ነበልባል ሲገጥም ሰሙ በሁለቱም ላይ ይጎርፋል። በበዓል ቀን ብዙ ሰው በአንድ ሳህን ሲያበራ የሚታየው ትልቅ ነበልባል መነሻው ይህ ነው።

አሸዋው ብዙ ካገለገለ በኋላ የሚመጣው ችግር ግን ከዚህ ይከፋል፣ የሚያስተውለውም ጥቂት ሰው ነው። ሻማው አሸዋው ጋ ሲደርስ የተረፈው ሰም ወደ ታች ይሰርግና አሸዋውን አጣብቆ ግራጫ እብጠት ይሠራል፤ መሀሉ ላይ ያልተቃጠለው የክር ጫፍ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ላዩ ንጹሕ አሸዋ ስለሚለብስ አይታይም። በሌላ ቀን አዲስ ሻማ አጠገቡ ነድዶ ሲያልቅ ያ አሮጌ ክር ይያዛል፤ በሰም የራሰው አሸዋም ራሱ እንደ ሰፊ ክር ሰም ማቀበል ይጀምራል። አሸዋ አይነድም የሚለው እውነት ነው፤ በመሀሉ ያለው ሰም ግን ይነዳል፤ ነበልባሉም የጣት ጫፍ ማከል ቀርቶ የመዳፍ ስፋት ይኖረዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሳህኑ ሲቀዘቅዝ እብጠቶቹን በሹካ እየነቀሉ መጣል፣ በየጥቂት ጊዜው አሸዋውን መንፋት፣ በጣቶች መካከል ሲታሽ መለጠፍ ሲጀምር ደግሞ ሙሉውን መቀየር።

በአሸዋ ፋንታ የአበባ አፈር አይጠቀሙ። በውስጡ ያለው የደረቀ የዕፅዋት ብስባሽ ያለ ነበልባል ለሰዓታት ሊጨስ ይችላል፤ ተረስቶ ሲያድር ነው እሳት የሚሆነው። ሩዝ፣ ምስር፣ ቡናና ስኳርም ይከስላሉ። ጨው አይነድም፤ ነገር ግን እርጥበት ይስባል፣ የብረት ሳህንም ያዝጋል።

የጄሶና የዳዶ መቆሚያ

10 ሴንቲሜትር ቁመት ላለው አጭር ሻማ ይህ ይመረጣል። ዳዶው ብረት ስለሆነ አይነድም፣ ጥርሱ ሻማውን ይነክሳል፤ ጄሶው ደግሞ ክብደት ይሰጣል።

የዳዶ ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። ኤም 16 ሲባል 16 ሚሊሜትሩ የብሎኑ ውፍረት ነው፤ የዳዶው ቀዳዳ በጥርሶቹ ምክንያት ከዚያ ይጠባል። ኤም 8 ቀዳዳው 6.6 ሚሊሜትር፣ ኤም 10 8.4፣ ኤም 12 10.1፣ ኤም 14 11.8፣ ኤም 16 ደግሞ 13.8 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ለ6 ሚሊሜትር ጧፍ ኤም 8፣ ለ12.7 ሚሊሜትሩ ሻማ ኤም 16 ይሆናል። ኤም 16 ውስጥ ሻማው ትንሽ ይላወሳል፤ 8 ድርብ አድርገው ባጠፉት ጠባብ የአልሙኒየም ፎይል ግርጌውን ሁለት ዙር ቢጠቀልሉት ይጠብቃል። ወረቀት ለዚህ አይውልም፤ ምክንያቱ ከላይ ተነግሯል። ሻማው በጥቂቱ ከወፈረ ደግሞ በሙቅ ውሃ ውስጥ በተነከረ ቢላዋ ግርጌውን ላጥ ላጥ ማድረግ ነው እንጂ እየጠመዘዙ ማስገደድ አያስፈልግም፤ ይሰበራል።

ለአንድ መቆሚያ፦ ጄሶ 250 ግራም፣ ውሃ 160 ሚሊሊትር፣ ሁለት ኤም 16 ዳዶ፣ ለሁለቱም የሚገባ አንድ ኤም 16 ብሎን፣ ከ20 እስከ 25 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ድፍን የላሜራ ክብ ወይም ሳንቲም፣ ታቹ 10 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ለስላሳ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ጥቂት ዘይት።

1. ብሎኑን ዘይት ይቀቡት። ሁለቱን ዳዶዎች አነባብረው ያስገቡት፤ የብሎኑ ጫፍ ከታችኛው ዳዶ ፊት ጋር እኩል ይሁን። ብሎኑ ዳዶዎቹን በአንድ መስመር ይይዛቸዋል፣ ጄሶም ወደ ቀዳዳው እንዳይገባ ይደፍናል።

2. የፕላስቲክ ዕቃውን ውስጡን በስሱ ዘይት ይቀቡ።

3. 40 ሚሊሊትር ውሃ ላይ 60 ግራም ጄሶ ይነስንሱ። ጄሶው ነው ውሃው ላይ የሚጨመረው፤ ውሃ ጄሶ ላይ ሲፈስ ይጓጉላል። 1 ደቂቃ ውሃውን እስኪጠጣ ይተዉት፣ ከዚያ አረፋ ሳይፈጥሩ ቀስ ብለው ያማስሉና ያፍሱት። ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል።

4. ይህ ንጣፍ ጣት ሲነካው የማይሰምጥ ሲሆን የላሜራውን ክብ መሀል ላይ፣ ዳዶዎቹን ከነብሎናቸው በላዩ ያቁሙ። ክቡ አይዘለል፤ የቀለጠ ሰም ወደ ጄሶው እንዳይወርድ የሚያግደው እሱ ነው። ጄሶ ባለ ቀዳዳ ነገር ስለሆነ ሰም ይመጥጣል፣ ሰም የመጠጠ ጄሶም ቀደም ሲል እንደተነገረው በሰም የራሰ አሸዋ ራሱ ክር ይሆናል።

5. የቀረውን 190 ግራም ጄሶ በ120 ሚሊሊትር ውሃ አዋሕደው ዙሪያውን ያፍሱ። ጄሶው 3 ሴንቲሜትር ላይ ሲደርስ ዳዶው ከበላዩ 5 ሚሊሜትር ያህል ብቅ ይላል። ብቅ ያለው ክፍል ነበልባሉ ጄሶውን እንዳይነካው ያርቀዋል። ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ መታ መታ በማድረግ አረፋውን ያስወጡ።

6. ጄሶ ሲረጋ ይሞቃል። ሙቀቱ ወርዶ ሲጠነክር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ውስጥ፣ ብሎኑን ፈትተው ያውጡ፣ ከዚያ ዕቃውን ወዝወዝ አድርገው መቆሚያውን ያላቅቁ።

7. አየር በሚያገኝበት ቦታ ከ5 እስከ 7 ቀን ያድርቁት። በሚዛን ቢከታተሉት ጥሩ ነው፦ ወደ 110 ግራም የሚጠጋ ውሃ ይለቃል፤ ክብደቱ ሁለት ቀን ተከታትሎ ካልቀነሰ ደርቋል። ለማፋጠን ትኩስ ምድጃ ውስጥ አያስገቡት፤ ሙቀት ሲበዛበት ጄሶ ጥንካሬውን ያጣና ይፈረካከሳል።

የተረፈውን ጄሶ መታጠቢያ ላይ አይድፉት፤ ቱቦ ውስጥ ይረጋል። ልጆች አብረው ከሠሩም እጃቸውን ወይም ጣታቸውን ጄሶ ውስጥ ከትተው እንዳያቆዩ፤ ሲረጋ የሚፈጥረው ሙቀት ያቃጥላል።

ዳዶውን ከጄሶ ይልቅ በሰድር ወይም በድንጋይ ላይ በማጣበቂያ መለጠፍ ፈጣን ነው። ይሁን እንጂ ተራው የኢፖክሲ ማጣበቂያ ከ60 ዲግሪ ጀምሮ መለስለስ ይጀምራል፤ ሻማው ዳዶው ውስጥ ሲያልቅ ደግሞ ብረቱ ከዚያ በላይ ይሞቃል። የሚለጠፍ ከሆነ ለሙቀት የተሠራ ማሸጊያ ይፈለግ።

በረድፍ ለሚበሩ ሻማዎች

ለ7 ሻማ 60 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 9 ሴንቲሜትር ስፋትና 4 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ሳንቃ ይበቃል። ከሁለቱም ጫፍ 6 ሴንቲሜትር ትተው በየ8 ሴንቲሜትሩ ምልክት ያድርጉ። የሳንቃውን ፊት ሙሉ በሙሉ በስስ ላሜራ ይሸፍኑትና በሚስማር ይምቱት፤ ከዚያ ላሜራውንም እንጨቱንም አብሮ በ15 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ 2 ሴንቲሜትር ዘልቀው ይብሱ። ውጭው 15 ሚሊሜትር የሆነ የመዳብ ቱቦ ውስጡ ከ13 እስከ 13.6 ሚሊሜትር ስለሚሆን ለ12.7 ሚሊሜትሩ ሻማ በልኩ ነው። ቱቦውን በ3 ሴንቲሜትር ቆርጠው ጠርዙን በሞረድ ያለስልሱ። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ሥር የላሜራ ክብ ጥለው ቱቦውን በመዶሻ ቀስ እያሉ ያስገቡት፤ 1 ሴንቲሜትር ከላይ ይቀራል።

ከሦስቱ አሠራሮች በመልኩ የሚበልጥ ይኸው ነው፣ በደኅንነት ግን የመጨረሻው ነው። ቱቦው ሙቀቱን በቀጥታ ለእንጨቱ ያቀብላል፤ ሻማ ውስጡ ነድዶ ሲያልቅ ጉድጓዱ ከውስጥ እየከሰለ ይሄዳል፣ ከውጭ ምንም ሳይታይ። ስለዚህ ሳንቃ ላይ የተተከለ ሻማ ከቱቦው በላይ 2 ሴንቲሜትር ሲቀረው መጥፋት አለበት። ሥርዓቱ ማጥፋትን የማይፈቅድ ከሆነ እንጨቱን መተውና በዚያው ልክ ጎድጓዳ የላሜራ ገንዳ አሠርቶ አሸዋ መሙላት ይሻላል። መልኩ እንደ ሳንቃው ላይሆን ይችላል፤ ግን ማንም ተቀምጦ መጠበቅ አይኖርበትም።

ዝርግ ሻማ

ጽዋው አብሮት ስላለ መያዣ አያስፈልገውም የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ሰሙ ሙሉ በሙሉ ስለሚቀልጥ የአልሙኒየሙ ታች ይሞቃል፤ እንጨት ላይ ጥቁር ክብ ይተዋል፣ ፕላስቲክ ያቀልጣል። ሰድር ላይ ወይም 5 ሚሊሜትር አሸዋ በተነጠፈበት ሳህን ላይ ያስቀምጡት። ከጽዋው አውጥተው አያብሩት። በመካከላቸው 10 ሴንቲሜትር ይተዉ፣ በጠባብ ዕቃም አይደርድሩ፤ ተፋፍገው ሲሞቁ ሰሙ ያለ ክር በሙሉ ፊቱ ሊነድ ይችላል። የክብሪት ስባሪ የሚወድቅበትም ብዙውን ጊዜ ይህ ሻማ ነው። ሲወድቅ እሳቱን አጥፍቶ ማውጣት እንጂ «ይነዳል» ብሎ መተው አይገባም።

ነፋስ ባለበትና በእጅ ሲያዝ

ለደጅ ባዶ የምግብ ቆርቆሮ ጥሩ ፋኖስ ይሆናል። ወረቀቱን ልጠው፣ የተቆረጠውን አፉን በሞረድ አለስልሰው፣ ውሃ ይሙሉት፤ ከአፉ 1 ሴንቲሜትር ይጉደል። ሌሊቱን ማቀዝቀዣ ውስጥ በረዶ ካደረጉት በኋላ በ3 ሚሊሜትር ሚስማር ሲበሱት ቆርቆሮው አይጨማደድም። ከታች 3 ሴንቲሜትር ከፍታ ላይ ዙሪያውን ከ8 እስከ 10 ቀዳዳ ይኑረው፤ አየር የሚገባው በዚያ ነው። ውስጡ የሚጨመረው አሸዋ ከ1 ሴንቲሜትር ተኩል አይብለጥ፤ ያለዚያ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፣ አየር ያነሰው ነበልባልም ጥላሸት ይተፋል። በረዶው ታቹን አሳብጦት ከሆነ በመዶሻ ያስተካክሉት። የመጀመሪያውን ሻማ ደጅ ያንድዱ፤ የቆርቆሮው የውስጥ ሽፋን ሲሞቅ ይሸታል።

በእጅ ለሚያዝ ሻማ የሚለመደው የካርቶን ክብ ወይም የወረቀት ኩባያ ነው። ጠብታው ሲበዛ ሁለቱም ሰም ይጠጣሉ፣ ሻማው ሲያጥርም ይያዛሉ። በምትኩ ከስስ ላሜራ ወይም ከአልሙኒየም የምግብ ትሪ 10 ሴንቲሜትር ክብ ይቁረጡ፣ ጠርዙን ወደ ላይ ያጥፉ፣ መሀሉን በመስቀል ቅርጽ ይሰንጥቁና ሻማውን ያሳልፉ። ክቡ ከሻማው ግርጌ 8 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ነበልባሉ ለክቡ 5 ሴንቲሜትር ሲቀርበው ሻማው ወደ አሸዋ ሳህን ይሂድ።

ከማገልገሉ በፊት መፈተን

የ30 ሴንቲሜትር ሳንቃ አንዱን ጫፍ 5 ሴንቲሜትር ከፍ ሲያደርጉት ዝንባሌው ወደ 10 ዲግሪ ይጠጋል። ሙሉ ሻማ የተተከለበት መያዣ በዚያ ላይ በአራቱም አቅጣጫ ተዞሮ ካልወደቀ መሠረቱ በቂ ነው። ከወደቀ ክብደት ከመጨመር በፊት ስፋቱን ያስፉ፤ የመቆሚያው ስፋት ከመያዣውና ከሻማው ጠቅላላ ቁመት ግማሽ ባይወርድ ጥሩ ነው።

ቀጥሎ አንድ ሙሉ ሻማ በብረት ትሪ ላይ፣ ደጅ፣ ከአጠገቡ ሳይርቁ እስኪያልቅ ያንድዱ። ሊታይ የሚገባው የመጨረሻው 2 ሴንቲሜትር ነው፦ ነበልባሉ ይሰፋል ወይስ ቀስ ብሎ ይጠፋል? ሰም ከየት በኩል ይወጣል? እሳቱ እንደጠፋ የመያዣውን ታች በእጅ ጀርባ ይንኩ፤ 5 ሰከንድ መታገሥ ካቃተ መያዣው ጠረጴዛ ላይ ያለ ሰድር መቀመጥ የለበትም። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ጄሶውን ለስንጥቅ፣ እንጨቱን ለቡናማ ምልክት ይመርምሩ። ቡናማ የሆነ እንጨት ለዚህ ሥራ አይመለስም።

ሻማው በአንድ ወገን ብቻ የሚንጠባጠብ ከሆነ ወይ አዝሟል ወይ ነፋስ አለ፤ መያዣውን ሩብ ዙር ሲያዞሩት ጠብታው በቀድሞው አቅጣጫ ከቀጠለ ነፋስ ነው፣ ከመያዣው ጋር አብሮ ከዞረ መዝመም ነው። የሚጨስ ከሆነ ክሩን 6 ሚሊሜትር እስኪቀር ይቁረጡ። ቦታውም ይታይ፦ መጋረጃ፣ ጨርቅና አበባ 30 ሴንቲሜትር ይራቁ፣ ከበላዩ መደርደሪያ አይኑር፤ የሚንበረከክ ሰው ፀጉርና የተንጠለጠለ ልብስም በልኩ ይታሰብ።

ከሳህኑ የሚሰፋ የብረት ክዳን በቅርብ ይኑር። ሰሙ በሙሉ ፊቱ ቢያያዝ ክዳኑን ከጎን አንሸራተው መድፈን፣ እስኪቀዘቅዝም አለመክፈት ነው። ውሃ አይረጭበትም፤ ከቀለጠው ሰም ሥር የገባው ውሃ በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ የሚነደውን ሰም ወደ ላይና ወደ ዙሪያ ይበትነዋል። የሚነድ ሳህን ተሸክሞ ወደ ውጭ መሮጥም እጅንና ልብስን ለእሳት መስጠት ነው።

ማጽዳት

ብረትና ሴራሚክ ላይ የደረቀ ሰም ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሰዓት ቢቆይ ተኮማትሮ በጥፍር ይነሳል። ከጄሶ ውጭ ያለ ዳዶ ወይም ቱቦ በአሮጌ ድስት ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሰሙ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ የረጋውን ሰም እንደ ቂጣ አንስቶ መጣል ይቻላል። ሰም ያለበት ውሃ መታጠቢያ ላይ አይደፋም። ጄሶ ውስጥ የተቀበረውን ዳዶ ግን ውሃ ውስጥ አይንከሩት፤ በቀጭን እንጨት ፍቀው፣ የቀረውን ክር በወረንጦ ያውጡ። ሥር ያለው ክብ ብረት እስኪታይ መፋቅ አለበት፤ አዲሱ ሻማ በአሮጌ ሰም ላይ ከተቀመጠ ቀዳዳው ጥልቀቱ ይጎድላል፣ ሻማውም ይላወሳል።